የ120 ቮልት ፓዮነር ይዤ ስድስት ኪሎ ጠጋኙ ጋ

ወንድም ጋሼ ከቨርጂኒያ ጠቅልሎ ሲገባ ከሁሉ በላይ የተጨነቀው በብርድ ልብስ ለጠቀለለው ፓዮነር ኤስኤክስ-780 ነበር። በፈረንጆቹ 1978 የወጣ፣ በእያንዳንዱ ቻናል 45 ዋት የሚሰጥ፣ ፊቱ ብር የመሰለ ሪሲቨር ነው፤ የዲሽ ሳይሆን ራዲዮና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) በአንድ ላይ የሆነ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የላከልንን ካሴት ዴክ እዚሁ ሰፈር አንድ ሱቅ ወስጄው ነበር። ልጁ የአሜሪካውን ወንዴ ሶኬት ቆርጦ የኛን ገጠመለትና ሰካው። አንዴ ጭስ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ፓዮነሩን ማንም እንዲሰካው አልፈለግሁም፤ ጠይቄ ጠይቄ ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ስድስት ኪሎ የዞሩ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ጋ ደረስኩ። የሱቃቸው በር ላይ ስም የለም፤ እኔም ጋሽዬ ብቻ ነው የምላቸው።

ጋሽዬ ዕቃውን ተቀብለው የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ መብራት አላስነኩትም። ክዳኑን ፈትተው ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገቡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ተከተሉ። ወደ ብዙ አገር የሚላኩት ሞዴሎች ጀርባቸው ላይ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ እሱን 220 ላይ ማድረግ ይበቃል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የኛው ግን መምረጫም፣ ለ220 የሚሆን ተጨማሪ ሽቦም የለውም። ያለው መንገድ ከውጭ ስቴፕ ዳውን፣ ማለትም ቮልት የሚቀንስ መቀየሪያ፣ ማድረግ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ 1600 ዋት የሚል መቀየሪያ ገዝቼ በቦርሳዬ ይዣለሁ። በእጃቸው መዘን አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ላባ ነው። ለፀጉር ማድረቂያ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ይህ ዓይነቱ ቮልቱን የሚቀንሰው ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሆነ ለማሞቂያ እንጂ ለአምፕሊፋየር አይሆንም።

ከመደርደሪያ ሌላ አወረዱ፤ ይኼኛው ከባድ ነው፣ መርካቶ የሚሸጠው ዓይነት። ሳይሰኩት የቴስተሩን አንዱን ጫፍ መግቢያው ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ ሲያደርጉት ቴስተሩ ጮኸ። «ሰማሽ? መግቢያውና መውጫው አንድ ሽቦ ነው። የጋራው ክፍል የተበጠሰ ዕለት 220ው እንዳለ ዕቃሽ ውስጥ ይገባል።» ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ ያንኑ ገዝቼ እመጣ ነበር።

ስለዚህ ሞተር የሚጠመጥም ወዳጃቸው ጋ መግቢያውና መውጫው ለየብቻ የተጠመጠመ 500 ቪኤ (ቮልት-አምፔር፣ የአቅሙ ልክ) ትራንስፎርመር አዘዙልኝ። ከዚያ በፊት ግን ቤቴ ሄጄ ቮልቱን እንድለካ ቴስተር አዋሱኝ። እራት ሰዓት 205፣ ሌሊት ደግሞ 235 አገኘሁ። ይህን ሲሰሙ ከ220 ወደ 120 ሳይሆን ወደ 110 እንዲሆን ወሰኑ። ሌሊት 235 ቢገባ እንኳ የሚወጣው 117.5 ነው። ደግሞም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቮልቱ ዝቅ ሲል ይተነፍሳል። ከጃፓን 100 ቮልት ዕቃ ያመጣችሁ ካላችሁ፣ ለእናንተ 110ም ይበዛል።

የተሰካበትን ቀን ሄጄ አየሁ። አንድ 100 ዋት የድሮ አምፖል በ220ው መስመር ላይ በተከታታይ አስገብተዋል። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ማብሪያውን ሲጫኑ አምፖሉ ቦግ አለ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ክር ደበዘዘ። ውስጡ ሾርት ቢሆን ኖሮ ደምቆ ይቀር ነበር፤ ጉዳቱን አምፖሉ ይቀበለዋል ማለት ነው። በዚህ ሪሲቨር ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አይደለም፤ ድምፁን የሚያወጡት ኤስቲኬ-0050 የሚባሉት ክፍሎች ከተቃጠሉ ምትካቸው ገበያ ላይ ሐሰተኛው በዝቷል። ቀጥለው ወደ ስፒከር የሚያመልጥ ዲሲ ቮልት ካለ ብለው መውጫውን ለኩ፦ አንዱ 18፣ ሌላው 23 ሚሊቮልት። ከ50 በታች ከሆነ ጤነኛ ነው አሉኝ።

ማብሪያው ላይ ያለችውን ያረጀች ካፓሲተር ለመስመር ኃይል በተፈቀደላት ቀየሯት፤ ትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ 2 አምፔር ፊውዝ ገባ፤ ሁለት ሽቦ ብቻ የነበረው ገመድ ባለ ሦስት ሆኖ ኧርዙ ከብረት አካሉ ጋር ታሰረ። «ቤትሽ ኧርዝ አለ?» ሲሉኝ አዎ አልኩ፣ ሶኬቱ ላይ ብረቱ ይታያላ። ኤሌክትሪሺያን ሲከፍተው ከኋላ ምንም ሽቦ አልነበረም። እናንተም አስከፍታችሁ እዩ።

ሸክላ ማጫወቻውን ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ካለው የአሜሪካ ሶኬት ሰካነው። በደቂቃ 45 ዙር የሚሄድ አንድ የአምሃ ሬኮርድስ ሸክላ ስናስቀምጥ የዘፋኟ ድምፅ ወፍሮ እንደ ወንድ ሆነ። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም፤ ሞተሩ በ50 ኸርዝ ሲሄድ 45ቱ ዙር 37.5 ይሆናል። ጋሽዬ የሞተሩን መዘውር አንድ አምስተኛ አስፍተው በቶርኖ አስቀረጹልን፣ ዘፋኟም ወደ ድምጿ ተመለሰች። ወንድም ጋሼ ቁጭ ባለበት ዓይኑን ጨፍኖ ሸክላውን ሁለት ጊዜ አስደገመን።

ቅሬታም አለኝ። በአምስት ቀን ያሉት 11 ቀን ፈጀ፤ ስልክ አያነሡም፤ ደረሰኝ አይሰጡም። ለጥገናው 3,500፣ ለትራንስፎርመሩ 6,500 ብር ከፍያለሁ፤ መዘውሩን ሳይጨምር። ትራንስፎርመሩም ፀጥ ባለ ሌሊት ትንሽ እም ይላል፤ ከሪሲቨሩ አርቄ መሬት ላይ ሳደርገው ከስፒከሩ የሚሰማው ጠፋ።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ከተመለሰም በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ነው የምሰካው፤ የእሳቸው ትእዛዝ ነው። የምትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ጠዋት ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ናቸው።