መጻፍ ለምትወዱ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች፦ ቲቸሬን ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ አጭር ልቦለድ፣ መጣጥፍ ወይም የመድረክ ንግግር መጻፍ የምትወዱ ተማሪዎች ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ ጽሑፍና ንግግር የሚያስተምሩ አንዲት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ «ስሜን ተይውና ሥራውን ንገሪ» ብለውኛል። ለእኛ ቲቸር ናቸው። ለሰፈሩ እትዬ ናቸው።

አብዛኞቻችን እሳቸው ዘንድ የምንሄደው የሚያምር ቃል ፍለጋ ነው። ቲቸር ግን ቃሉን መጨረሻ ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ነው የሚሰማሽ?» ብለው ነው። ቀጥለው «ሰምቶ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ነው የፈለግሽው?» ይላሉ። እነዚህን ሁለቱን ሳይመልሱ መጻፍ መጀመር እሳቸው ቤት የለም።

የመጀመሪያ የቤት ሥራችን ሰኞ ገበያ ሄዶ ማዳመጥ ነበር። ምንም አትግዙ፣ ሲገዛና ሲሸጥ ስሙና የሰማችሁትን ጻፉ አሉን። እኔ በርበሬ ተራ ሄጄ አንዲት እናት አጠገብ ቆምኩ። አንዲት ወጣት መጥታ ዋጋ ጠየቀች። እናትየው ዋጋ አልተናገሩም። «ለቤት ነው ለድግስ?» አሏት። «ለእህቴ ሰርግ ነው» አለች። ይሄኔ ፊታቸው ያለውን ክምር ትተው ከኋላቸው ካለው ማዳበሪያ አንድ ዛላ መዘዙ። ሰበሩት። ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አራግፈው አስጠጉላት።

«አሽትችው እስኪ። ወጡ ቀይ ካልወጣ የሚታማው ደጋሹ ነው እንጂ በርበሬው አይደለም። እኔ እንደሆንኩ ነገም እዚሁ ነኝ፤ ካልሆነልሽ መልሰሽ አምጪው።»

ዋጋውን የነገሯት ከዚህ በኋላ ነው። ልጅቷ ጥቂት ተከራከረችና ገዛች።

ይህንኑ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አነበብኩ። ቲቸር ወረቀቴን ተቀብለው በእርሳስ ሦስት ቦታ አሰመሩበት። የተሰበረው ዛላ ማስረጃ ነው፤ ዓይንና አፍንጫ ያረጋግጠዋል። የደጋሹ ሐሜት ስሜት ይነካል። «ነገም እዚሁ ነኝ» የሚለው ደግሞ የተናጋሪዋን ታማኝነት ያስይዛል። የአርስቶትልን ስም ያነሱልን ያኔ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ማሳመኛ መንገዶችን በ3 ከፍሎ ነበር፦ ኤቶስ የተናጋሪው ማንነት፣ ፓቶስ የሰሚው ስሜት፣ ሎጎስ የነገሩ አመክንዮ። ሦስቱን ቃላት ከገበያው በፊት ቢነግሩን ኖሮ ለፈተና ሸምድደን እንተዋቸው ነበር። አሁን ግን ያቺን እናት ሳስብ ሦስቱም አብረው ይመጣሉ። ደግሞ ልብ በሉ፤ እናትየው ከሦስቱም በፊት ሰሚያቸውን ጠይቀው ነበር።

የንግግር ጥበብ ወይም ሬቶሪክ ሲባል ሰውን በአፍ መሸወድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቲቸር ይህን ነገር አጥብቀው ይጠሉታል። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ። የራስህን ሐሳብ ከማቅረብህ በፊት የተቃዋሚህን ሐሳብ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አሳምረህ ትናገርለታለህ። እሱ ካልተስማማ አትቀጥልም። የክፍሉ ከባዱ ነገር ለእኔ ይሄ ነው፤ በጣም የጠቀመኝም ይሄው ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር ራሱ አነጋገሬ ተቀይሯል።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዱናል። አያቶቻችን በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ የችሎት ሙግት ሕዝብ እየሰማ፣ በግጥምና በምሳሌ እያዋዙ ነበር የሚሟገቱት። የግሪኮቹ ሬቶሪክም ሲሲሊ ውስጥ ከመሬት ክርክር ጋር ተያይዞ እንደተነሳ ይተረካል። ሁለቱንም የወለደው ችሎት ነው ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን አያቴ ስለ ድሮ ሙግት የሚያወሩትን ቁጭ ብዬ መቅዳት ጀመርኩ።

ታሪክ ስንጽፍ ደግሞ ወረቀቱ የሚመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ በአፍ እናወራዋለን። ይህን የወሰዱት ከቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በሐሳቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርሙታል። እኛም ታሪካችንን ቆመን እንናገራለን፤ ሌሎቹ ይሰማሉ። አንድ ሰው ዓይኑን ወደ መስኮት ከመለሰ ቲቸር እርሳሳቸውን አንሥተው «እዚህ ጋ ጠፋብሽ» ይላሉ። ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሰሚው የሄደበት ቦታ ይወጣል ወይም ይታደሳል።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ያመጣውን ታሪክ አስፈቅጄው ልንገራችሁ። ልቦለድ ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ልጅ ታሪክ ነው። የጀመረው ጎህ ሲቀድ፣ ወፎች ሲንጫጩ፣ ጭጋጉ ከተራራው ሲገፈፍ ነበር። ቲቸር አላቋረጡትም። ሲጨርስ ግን ጠየቁት።

«ልጁ ምን ፈለገ?»

«አባቱን ማየት።»

«ምን ከለከለው?»

«አባቱ ጭነት ስለተቸኮለበት ሌሊት አልፎ ሄደ።»

«ማለፉን ልጁ በምን አወቀ?»

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ቆይቶ «የሆነ ነገር በር ላይ ትቶለት ይሆናል» አለ። «ምን?» አሉት። እሱም አሰበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታሪኩን እንዲህ ብሎ ጀመረው፦ «በሩ እጀታ ላይ በፌስታል የታሰረ ተምር ተንጠልጥሏል። አባዬ ሌሊት አልፏል።» ክፍሉ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ወፎቹም ጭጋጉም ወጥተዋል፤ ማንም አልናፈቃቸውም።

እዚህ ላይ የምወድላቸውን ነገር ልናገር። ያቺን ተምር እሳቸው አልነገሩትም። ቲቸር የተማሪን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል አይጽፉም። ወረቀታችን ኅዳግ ላይ የምናገኘው ጥያቄ ብቻ ነው። «ይህ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» «ማን አየ?» «ይህን እናትሽ ብታነበው ይገባታል?» ሌላ ቦታ ጽሑፌን ሰጥቼ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ቋንቋ ተለውጦ ተመልሶልኛል። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ የእኔ ግን አልነበረም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ወሎ ውስጥ መሆናችንም በትምህርቱ ውስጥ ይገባል። አንዱ የክፍላችን ልጅ አያቱ መንዙማ አውጪ ናቸው። ቲቸር «አዝማቹ ለምን ይደጋገማል? አንተ አስረዳን» አሉት። «ጀመዓው አዝማቹን ሲቀበል አውጪው ይተነፍሳል፣ ሰሚውም ሐሳቡን ይዞ ይቆያል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግር ስናዘጋጅ እንደ አዝማች የምንመለስባት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንመርጣለን። እንዲሁ መደጋገም ግን አይደለም። በተመለሰች ቁጥር አዲስ ነገር መሸከም አለባት፤ ካልተሸከመች ትሰረዛለች።

ተረትም አለ። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። ቲቸር የጽሑፋችሁ የመጀመሪያ መስመር ይህን መልስ ከአንባቢው አፍ ማውጣት አለባት ይላሉ።

ሌላው ያለ ወረቀት መናገር ነው። ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የቆየ ዘዴ አለ፦ የንግግርህን ነጥቦች በደንብ በምታውቀው ቦታ ላይ በሐሳብህ ታስቀምጣለህ፣ ስትናገር በዚያ ቦታ በሐሳብህ ታልፋለህ። እኔ ከኮምቦልቻ ስለምመላለስ መንገዱን መረጥኩ። መግቢያዬን ኮምቦልቻ መናኸሪያ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» የሚልበት በር ላይ አስቀመጥኩ። ዋናው ችግር ሀረጎ ዳገት ላይ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ነው። የተቃዋሚው ሐሳብ ቁልቁል ሲታይ ከተማዋ የምታንስበት ጋ ነው። መፍትሔው ብርዱ ሲጀምርና መስኮት ዝጉ ሲባል ነው። ትምህርት ቤታችን ባዘጋጀው መድረክ ላይ የቆምኩት ይህን ይዤ ነው። ወረቀት አልነበረኝም። አዳራሹን እያየሁ ተናገርኩ፤ የሰዎቹ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለቲቸር በቃል መናገር አቅቶኝ ስለነበር ነው አሁን እዚህ የምጽፈው።

ለማን እንደሚሆን በግልጽ ልንገራችሁ። ለማትሪክ ፈተና ብቻ የሚዘጋጅ ሰው ቢሄድ ይከፋዋል፤ ጥያቄና መልስ አያሠሩም። ቶሎ ቶሎ አድናቆት ለሚፈልግም አይሆንም። «ጎበዝ» የሚሉት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲሉ ግን የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ያሳያሉ። ስልክ በር ላይ ባለው ቅርጫት ይቀመጣል። ሰዓት ያከብራሉ፤ እንድናከብርም ይፈልጋሉ። ቡና ይፈላል፤ ተራ በተራ የምናፈላው እኛ ነን፣ ወንዶቹም ጭምር። ክፍያው ለተማሪ ኪስ የሚከብድ አይደለም፤ ለሚከብደው ደግሞ ለብቻው አነጋግረው ያስተካክሉለታል። ይህን ሲያደርጉ ማንም እንዳይሰማ ነው የሚያደርጉት። እኔ ያወቅኩት ከተጠቀመው ልጅ ነው።

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አላህም እግዜርም ያክብርልን። በእኔ ጽሑፍ ላይ ያን ሁሉ እርሳስ ስለጨረሱ ከልቤ አመሰግናለሁ።

መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስንተኛ ክፍል እንደሆናችሁና ምን መጻፍ እንደምትወዱ ንገሩኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ላይገባ ይችላል፣ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ስትመጡ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁን አሁን ታውቃላችሁ፤ መልሱን መንገድ ላይ አስቡበት።