ክሊራንስ ካላችሁ «ክፍያ አቁሙ» የሚላችሁን ስልክ ዝጉት

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ክሊራንስ (የመንግሥትን ምስጢር የማየት ፈቃድ) የሚጠይቅ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ወታደር የሆነባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ዓመት በሦስት ክሬዲት ካርድ 19,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረብኝ። ሚኒመሙን (ትንሹን የግድ ክፍያ) በየወሩ እከፍላለሁ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ዕዳ እናስቀንሳለን ከሚል ኩባንያ ተደወለልኝ። የደወለችው ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ናት። «ወንድሜ፣ ለባንኮቹ መክፈል አቁም። ለእኛ በወር 350 ዶላር አስቀምጥ፣ በግማሽ እናስጨርስልሃለን» አለችኝ። ክሊራንስ እንዳለኝ ነግሬ ይነካብኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ኧረ በፍጹም! እንዲያውም ዕዳህ ሲቀንስ ይሻልሃል።» የአገሬ ልጅ ናትና አመንኳት።

ያልነገረችኝ ይሄን ነው። ባንክ በሰዓቱ ለሚከፍለው ሰው ዕዳ አይምርም። ስለዚህ ኩባንያው ሆን ብሎ ዕዳችሁ እስኪበላሽ ይጠብቃል። 30 ቀን፣ 60 ቀን፣ 90 ቀን ዘገየ እያለ ክሬዲት ሪፖርታችሁ (የብድር ታሪካችሁ) ላይ ይሰፍራል። 180 ቀን ገደማ ሲሞላ ባንኩ ቻርጅ ኦፍ ያደርገዋል (እንደ ኪሳራ ይመዘግበዋል)፣ ከዚያ ኮሌክሽን ይከተላል፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢ ይመጣባችኋል። ጠባሳው 7 ዓመት ይቆያል።

ለሌላ ሰው ነገሩ በአብዛኛው የክሬዲት ነጥብ ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን እንጀራ ነው። ክሊራንስ የሚሰጡት ሰዎች ከ2017 ጀምሮ የሚሠሩበት መመሪያ 13 መመዘኛ አለው። «ጋይድላይን ኤፍ» የሚባለው የገንዘብ ነው። የሚያዩት የዕዳውን ብዛት ብቻ አይደለም። የተበደረውን የማይከፍል ሰው ቃሉንም ላይጠብቅ ይችላል፣ ገንዘብ የቸገረው ሰው ለምስጢር ገዢ ይመቻል ብለው ይሰጋሉ። ለክሊራንስ የሚሞላው ኤስኤፍ-86 የሚባለው ቅጽ ክፍል 26 ላይ ኮሌክሽን፣ ቻርጅ ኦፍ፣ ከ120 ቀን በላይ ያለፈ ክፍያ አለ ወይ ብሎ ያለፉትን 7 ዓመታት ይጠይቃል። ደግሞ እንደ ድሮው የክሊራንሱ እድሳት እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ክሬዲታችሁን በየጊዜው ኮምፒውተር ያየዋል። እኔን በአምስተኛው ወር ነው የመሥሪያ ቤቱ ኤፍኤስኦ (የክሊራንስ ጉዳይ የሚከታተለው የደኅንነት ኃላፊ) የጠራኝ።

የሚገርመው፣ በእነዚያ ወራት እቁቤን አንድ ቀን አላሳለፍኩም። የእቁቡን ዳኛ ፊት ማየት ስለማልችል። ባንክ ፊት የለውም።

ሥራ በማጣት፣ በሕመም ወይም በፍቺ የመጣ ዕዳ ከሆነ መመሪያው ያንን ያያል፣ ዋናው ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁት ነው። እኔ ግን መክፈል እየቻልኩ ነው ያቆምኩት። ይሄን ለመርማሪ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አልነግራችሁም። ክሊራንሳችሁን ሊከለክሉ ያሰቡበትን ምክንያት ዘርዝረው ደብዳቤ ከላኩ ደግሞ ለኮንትራክተር (ከመንግሥት ጋር ውል ባለው ኩባንያ ለሚሠራ ሰው) የሚሰጠው የመልስ ጊዜ 20 ቀን ብቻ ነው።

ክፍያውንም እዩት። ከ2010 ወዲህ በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ማስቀነሻ ድርጅት ቢያንስ አንዱን ዕዳ ሳያስጨርስ ክፍያ መውሰድ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። የእኔዎቹ ከመጀመሪያው ወር «የፋይል ማዘጋጃ» እያሉ ቆረጡ። የተማረላችሁም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ለታክስ ይመጣባችኋል፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባንኩ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል።

የጨነቀው ሰው መጀመሪያ ለባንኩ ራሱ ደውሎ የችግር ጊዜ ቅናሽ ይጠይቅ። ካልሆነ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ጋ ይሂድ። እነሱ ወለዱን አስቀንሰው ዋናውን ሙሉ ያስከፍላሉ፣ መመሪያውም ይህን በጎ ጥረት ብሎ ይቆጥረዋል። «ቅጹ ላይ አትጻፈው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አትስሙት፤ ዕዳ ወንጀል አይደለም፣ ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ወንጀል ነው።

እኔ አሁን ሁለቱን ካርዶች በስምምነት እየከፈልኩ ነው። ሦስተኛው ኮሌክሽን ገብቷል። የክሊራንሴ ነገር ገና አልተወሰነም። ልጅቷ ስልኬን አታነሳም።