ለትልቅ ርዕስ የቱ ስላብ ሰሪፍ? ሮክዌል፣ ክላረንደን ወይስ አልፋ ስላብ ዋን

ስላብ ሰሪፍ ፎንቶች ከሩቅ ይለያሉ። የፊደሎቹ እግር እንደ ጡብ ወፍራምና ጠፍጣፋ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዝ አገር ሲወጡ ሥራቸው ግድግዳ ላይ በተለጠፉ ማስታወቂያዎች መሀል ጎልቶ መታየት ነበር። ዛሬም ሥራቸው ያው ነው። ለፖስተር፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሎጎ፣ ለማሸጊያ፣ ለድረ ገጽ ርዕስ ይሆናሉ። ወፍራሞቹን ለረጅም ጽሑፍ ግን አትሞክሯቸው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ዓይን ይደክማል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ በለጠፈው ናሙና ብቻ ፎንት አትምረጡ። እዚያ የተጻፈው ቃል ፎንቱን እንዲያሳምር ታስቦ የተመረጠ ነው። የራሳችሁን ቃል ጻፉበት። በሚወጣበት መጠን አትሙት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ራቅ ብላችሁ እዩት። እኔም ሦስቱን ያወዳደርኩት እንደዚህ ነው።

ከሮክዌል ልጀምር። ፎንት አምራቹ ሞኖታይፕ እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው ፎንት ነው። በማስመሪያና በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ኦ ክብ ናት፣ የመስመሮቹም ውፍረት ወጥ ነው ማለት ይቻላል። ካፒታሏን «A» ልብ ብላችሁ እዩዋት። ሹል መሆን የነበረበት አናቷ ላይ ጠፍጣፋ ክዳን ተጭኖባታል። ቀጥ ያለ፣ እርግጠኛ የሆነ ድምፅ ለሚፈልግ ሥራ ጥሩ ነው። ሞቅ ያለ ስሜት ግን አትጠብቁበት። ብዙ ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለ ዓይነትም አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁን ፈትሹ። ከአንዳንድ የማይክሮሶፍት ኦፊስ እትሞች ጋር ስለሚመጣ ሳታውቁት እጃችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። ለድረ ገጽ ከሆነ ግን የዌብ ላይሰንስ (ድረ ገጽ ላይ የመጠቀም ፈቃድ) ለብቻው ያስፈልጋችኋል።

ክላረንደን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ውስጥ ከሮበርት ቤዝሊ ፎንት ማምረቻ የወጣ ነው። አንዱን ፊደል ስክሪኑ እስኪሞላ ድረስ አተልቁትና እግሩ ከግንዱ፣ ማለትም ከቆመው መስመር፣ የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። የሮክዌል እግር ግንዱን በደረቅ ማዕዘን ይገጥመዋል። የክላረንደን ግን ቅርንጫፍ ከዛፍ እንደሚወጣ ጎበጥ ብሎ ነው የሚገናኘው። የትንሿ አር ጫፍ ላይ እንደ ጠብታ ያለች ኳስ አለች። የካፒታል አር ጅራት ደግሞ መሬት ነክቶ ወደ ላይ ቀለበስ ይላል። ቀጭኑና ወፍራሙ መስመርም ይለያያል። ወፍራም ሆኖ ሳለ የማይጮኸው በዚህ ነው። ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሙዚየም፣ ዕድሜ ላለው ድርጅት ስም ከሦስቱ እሱን የሚያህል አላየሁም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የመንገድ ምልክቶች ለብዙ ዓመታት በክላረንደን ይጻፉ የነበሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ግዢው ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤዝሊ ፊደሉን በሕግ ሲያስመዘግብ ጥበቃው ለ3 ዓመት ብቻ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ሌሎች ተሻምተው ገለበጡት። ዛሬም «ክላረንደን» በሚል ስም የሚሸጡ ብዙ ፎንቶች አሉ፣ ቅርጻቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ የማን እትም እንደሆነ ጠይቁ። ሄርማን አይደንቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1953 ለስዊዘርላንዱ ፎንት አምራች ሃስ የሠራው በደንብ የታወቀ ነው።

አልፋ ስላብ ዋን ነፃ ነው። ለንግድም፣ ለድረ ገጽም፣ ለሎጎም ያለ ክፍያ ትጠቀሙበታላችሁ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1821 የወጣ የእንግሊዝ ፊደል ነው። ከሦስቱ በጣም ወፍራሙም እሱ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ላለው ፖስተር ሲሆን ያምርበታል። ችግሩ የሚመጣው ስታሳንሱት ነው። የትንሿ ኢ (e) ዓይን ጠባብ ስንጥቅ ናት። አንዴ ለቲሸርት ደረት ኪስ አካባቢ በትንሹ አሳትሜው ቀለሙ ስንጥቋን ደፈናት፣ ቃሉም ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ሌላው፣ ያለው ውፍረት አንድ ብቻ ነው፣ ዘመም ያለ ፊደልም የለውም። ቦልድ ወይም ኢታሊክ የሚለውን ብትጫኑ ሶፍትዌሩ በራሱ ያወፍረዋል ወይም ያጋድመዋል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ለንዑስ ርዕስ ሌላ ፎንት አዘጋጁለት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የምትከፍሉ ከሆነ ለክላረንደን ክፈሉ። ያ ጎበጥ ያለ መገናኛ በነፃ ፎንቶች ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ብዙም አላገኘሁም። ሮክዌል የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ግን ነፃው ሮቦቶ ስላብ ይሸፍንላችኋል። ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስም አለው። የካፒታሏን «A» ክዳን ካልፈለጋችሁ በቀር ለሮክዌል ገንዘብ ለማውጣት አልቸኩልም።

ሮቦቶ ስላብን ጨምሮ አራቱም የግዕዝ ፊደል እንደሌላቸው አትርሱ። ርዕሱ አማርኛም ካለበት ለእሱ ወፍራም የግዕዝ ፎንት ፈልጉና ቁመቱን በዓይናችሁ አመጣጥኑ። የፎንት መጠኑን ቁጥር እኩል ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ አንዱ ከሌላው አንሶ ሊታይ ይችላል።

የገዛችሁትን የፎንት ፋይል ለማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ላይሰንሱን አንብቡ፣ ብዙዎቹ ለሌላ ሰው መስጠትን አይፈቅዱም። ጽሑፉን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል፣ ቀይራችሁ ላኩ።