ቻይና ለምትሄዱ የጎጃም ነጋዴዎች፦ «የባቡር ፓኬጅ» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

ቆሽቴ እንዳረረ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ነኝ፤ የማርቆሱ መኪና እስኪሞላ እየጠበቅሁ። ገንዘቤን ልጠይቅ ገብቼ እንደ ለማኝ ተሸኝቼ መውጣቴ ነው።

እነዚህን የጉዞ ወኪል ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ፖስተር፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ። አንድ ሱፍ የለበሰ ልጅ፣ አንዲት ከስልኳ ቀና የማትል ጸሐፊ። ገና ከመግባታችሁ ቡና ይታዘዛል። «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ! ከማርቆስ ድረስ? በዚህ መንገድ? እኛ እያለን ለምን ይንገላታሉ?» ፓስፖርት ይቀበላሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ጎረቤታችሁን እነሱ እንደላኩት ይነግሯችኋል። ደረሰኝ ስትሉ «ሲስተም የለም» ነው።

የሸጡልኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከጓንዡ ከተማ ደቡብ ጣቢያ ወደ ዪዉ ከተማ የሚወስድ የፈጣን ባቡር ትኬት። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስሙልኝ፣ «የፍተሻ ማለፊያ ቪአይፒ ካርድ»። የቻይና ጣቢያ ፍተሻ ሰው ያስለቅሳል፣ ሻንጣ ተበርብሮ ሳያልቅ ባቡሩ ይሄዳል፣ በዚህ ካርድ ግን ማንም ሳይነካዎት ዘው ይላሉ አለኝ ልጁ። በላስቲክ የታሸገ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለው፣ ፎቶዬ የተለጠፈበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። ዋጋው ከትኬቱ አይተናነስም።

ጓንዡ ደቡብ ደረስኩ። የአገሬው ሰው መታወቂያውን ማሽኑ ላይ አስነክቶ ያልፋል። እኔ ሰው ወደቆመበት በር ሄድኩ። ጥበቃዋ ፓስፖርቴን ተቀብላ ፎቶው ያለበትን ገጽ ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ስክሪኑን አየች። ደገመችው። ገጹን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ እንደገና ሞከረች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። የተሰጠኝን ወረቀት ዘረጋሁላት። አላየችውም እንኳ። ለካ ቻይና ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወረቀት የሚጠይቅም የሚያይም የለም።

ካርዱን አወጣሁ። ተቀበለችኝና ለባልደረባዋ ሰጠችው። እሱ ፎርጅድ ብር እንደሚመረምር ሰው ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው። ሁለቱም ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ መልሰው ሲሰጡኝ በሁለት እጃቸው ነው።

ያን ጊዜ አንድ ያገራችን ልጅ፣ እዚያ የሚማር፣ ከሰልፉ ወጥቶ «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አየው፤ ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን በቢሮው ሰማያዊ ማኅተም ላይ አሳረፈ። ከማኅተሙ ሥር በቀይ የተጻፈች አንዲት የቻይንኛ መስመር አለች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ክፍያ ይጠበቃል ነው የሚለው» አለኝ።

ገባችሁ? ወንበሩን በስሜ ይዘዋል። ስክሪኑን ፎቶ አንስተው አትመዋል። ገንዘቡን ግን አልከፈሉም። ያልተከፈለበት ወንበር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይሰረዛል። ወረቀቱ ሙሉ ባዶ ቦታ ነበረው፤ ማኅተሙ ያረፈው እዚያች ቀይ መስመር ላይ ነው። ይሄ እንኳ በአጋጣሚ ነው በሉኝ።

«24 ሰዓት በቴሌግራም አለንልዎት» ብለውኝ ነበር። ቴሌግራም ቻይና ውስጥ የተዘጋ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? ልጁ፣ እግዜር ይስጠውና፣ በራሱ ስልክ፣ የተዘጋውን በሚያስከፍተው ቪፒኤን ደወለልኝ። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ባሕር ዳር ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ጸሐፊዋ አነሳች። ስሜን ነገርኳት። ስልኩን በእጇ እንኳ ሳትከልል «ያቺ የማርቆሷ ሴትዮ ናት፣ ባቡር ጠፍቷት ነው መሰለኝ» አለች። ከኋላዋ ሳቅ ሰማሁ።

ሱፍ ለባሹ ተቀበላት። እትዬ የለ፣ እርስዎ የለ። «ስሚ፣ ጎጃም ባቡር የለም፤ አላወቅሽበትም ማለት ነው። በትክክለኛው በር ግቢ።» አልተከፈለበትም አልኩት። «ማን አለሽ?» እዚህ የሚማር ልጅ ነው አልኩ። «እና የተማሪ ወሬ ሰምተሽ ነው ሥራ የምታስፈቺን?» ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ «ሻዩን ስኳር ቀንሺበት» ሲል ሰማሁት። ዘጋው። ደግመን ብንሞክር የልጁን ቁጥር አግዶታል።

አዎ፣ ጎጃም ባቡር የለም። ያለችን የአዲስ አበባ ጅቡቲዋም በኛ በኩል አታልፍም። ታዲያ ባቡር አለማየታችንን ነው እኮ በኪሎ የሚቸረችሩት! ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ስንቱ ሱቁን ዘግቶ፣ ዕቁቡን ሰብስቦ ነው የሚሄደው።

ልጁ ከትኬት መስኮቱ አደረሰኝ። ፓስፖርቴን ሰጠሁ፣ ከፈልኩ፣ አለቀ። ቢሮው የበላኝ የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ባቡር ግን ሄዷል፤ ማታ ያለውን ነው ያገኘሁት።

ያ ሰው ያስለቅሳል የተባለው ፍተሻስ? ሻንጣው በኤክስሬይ ያልፋል፣ አንዲት ሴት በእጅ መፈተሻ ከላይ እስከ ታች ታይሃለች፣ ኮዳህን አንድ ጊዜ ጎንጨት በልበት ይሉሃል። በቃ። ቪአይፒም ሳይል ሁሉም ተራውን ጠብቆ ያልፋል። በርበሬዬም ሽሮዬም ምንም አልሆኑ። የቀረው ዋርሳዬ ለልጇ የላከችው አረቄ ነው። ስያሜ የሌለው ጠርሙስ አይገባም ብለው ወሰዱት፤ «የፍተሻ ማለፊያው» አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ።

ዛሬ ቢሮው ስገባ ጸሐፊዋ ቀና አላለችም። «የጠፋ ባቡር አንመልስም» አለች፤ ሱፍ ለባሹ ከውስጥ ሆኖ ሳቀላት። ቡናም አልታዘዘም።

የምትሄዱ ካላችሁ ባጭሩ። ትኬቱን 12306 በሚባለው የባቡሩ መተግበሪያ ወይም እዚያው ጣቢያ መስኮት ላይ በፓስፖርታችሁ ግዙ። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው፤ ከሁለት ወር በፊት «ቆርጬልሃለሁ» የሚል ካለ ዋሽቷል። ጓንዡ ውስጥ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ባይዩን የሚባሉ የተለያዩ ጣቢያዎች አሉ፤ የትኛው እንደሆነ እዩ። ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ በሩ ይዘጋል። ቢላ አትያዙ።

እኔ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። እንደኔ ማኅተም የተመታበት ወረቀት የያዛችሁ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አብሬ አስገባዋለሁ። የቢሮውን ስም ለሚፈልግ በውስጥ እነግራለሁ።