ያገለገለ አውሮፕላን ስገዛ ከጎኔ ለቆሙት የኮምቦልቻ መካኒክ ምስጋና

ያገለገለ ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት ከአንድ ዓመት በላይ ስመላለስ ገንዘቤን፣ ምናልባትም ሕይወቴን ያተረፉልኝ በኮምቦልቻ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ እዚህም ፊት ለፊት እንደምጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እጽፋለሁ። ጋሼ የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት የሰብል መድኃኒት የሚረጩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ሲጠግኑ ነው፤ ዛሬም እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲመጣላቸው በደስታ ያማክራሉ።

እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ስሆን ለሥራ ናይሮቢ ከተቀመጥሁ ቆይቻለሁ፤ የግል አብራሪነት ፈቃዴንም ያገኘሁት እዚያው ነው። ትናንሽ አውሮፕላኖች በሚበዙበት በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ሴስና 172 የተባለ ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ለሽያጭ ቀርቦ ባየሁ ጊዜ ልቤ ወዲያው ሄደ። ቀለሙ አዲስ፣ የወንበሮቹ ቆዳ አዲስ ነበር፤ ደላላውም ሌላ ገዢ እየመጣ መሆኑን ነግሮኝ ቀብድ እንድከፍል ይወተውተኝ ነበር። ለአረፋ በዓል አገር ቤት ስገባ ገንዘቡን ለመላክ ወስኜ ነበር፤ ሆኖም አንድ ዘመዴ «ከመክፈልህ በፊት እኒያን ሰው አናግራቸው» ብሎኝ በማግስቱ ከደሴ ተነሥተን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ቤታቸው ደረስን።

ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ቡናው እየተቆላ ሳለ የአውሮፕላኑን ፎቶግራፎች ሰጠኋቸው፤ አንድ ጊዜ ተመልክተው ወደ ጎን አኖሯቸውና የሎግቡኩን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን የሥራና የጥገና መዝገብ ቅጂ ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ማስመሪያ ከመስመሩ በታች እያስኬዱ፣ በእርሳስ ቀንና ሰዓት ብቻ እየለቀሙ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህ ሞተር አራት ዓመት ምን ሲሠራ ነበር?» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የተመዘገበው የሞተር ሥራ 11 ሰዓት ብቻ ነበር፤ እኔ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አንብቤው ይህን አላስተዋልሁም።

ነገሩንም በትዕግሥት አስረዱኝ። ላይኮሚንግ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው በእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ከዋናው የሞተር ዘንግ) በላይ ስለሚገኝ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ለእርጥበት ይጋለጣል፤ ከዚያ የሚጀምረው ዝገት ሞተሩ ሲነሣ የካምሻፍቱን ጥርስ እየፋቀ ይበላዋል። በዚያ ላይ የ1978ቱ ሴስና የያዘው ኦ-320-ኤች2ኤዲ የተባለው ሞተር ዓይነት በዚሁ ክፍል መበላት የሚታወቅ ነው። ሞተሩን አስፈትቶ የማየቱን ወጪ ሻጩ የማይቀበል ከሆነ እንድተወው መከሩኝ፤ ሻጩም አልተቀበለም። ማዘኔን ሲያዩ «አብሽር፣ አውሮፕላን ሞልቷል» ብለው ሸኙኝ።

ከወራት በኋላ በዚያው በዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሌላ ሴስና 172 አገኘሁ። ሞተሩ ኦቨርሆል ከተደረገ (ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ከታደሰ) ወዲህ 1,310 ሰዓት ሠርቷል፤ አምራቹ ለዚህ ሞተር የሚመክረው የኦቨርሆል ጊዜ 2,000 ሰዓት ነው። ጋሼ መዝገቡን ኮምቦልቻ ሆነው መርምረው ክፍተት ስላጡበት በአዲስ አበባ በኩል ናይሮቢ ድረስ መጡልኝ። ከመምጣታቸው በፊት ያስቀመጡት አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበር፤ የእርሳቸው ፈቃድ የኬንያ ስላልሆነ አውሮፕላኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው የአገሩ ፈቃድ ያለው፣ ያንንም አውሮፕላን ከዚህ በፊት ጠግኖ የማያውቅ መካኒክ እንዲሆን አጥብቀው ጠየቁ። የሻጩ መካኒክ ለገዢ የሚያደርገው ምርመራ የራሱን ሥራ ራሱ እንዲመሰክርበት መጠየቅ ነው ይላሉ፤ እኔም እውነታቸውን መሆኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ለማንም ገዢ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ሲሊንደሮቹ የታመቀ አየር ምን ያህል እንደሚይዙ የሚለካው የኮምፕሬሽን ፍተሻ ሲደረግ፣ ከ80 ነጥብ ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ72 በላይ አሳዩ፤ አራተኛው 58 ላይ ቆመ። እኔ ነገሩ ያበቃለት መስሎኝ ነበር፤ ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አስጠጉ፤ ከዚያም የዘይት መሙያውን ክዳን አስከፍተው እዚያም አዳመጡ። አየሩ እየተነፈሰ የሚወጣው በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ስለነበር ችግሩ የጭስ ቫልቩ እንጂ የፒስተኑ ቀለበት እንዳልሆነ አሳዩኝ። የዘይት ፊልትሮው ተቆርጦ ወረቀቱ ሲዘረጋም በጣታቸው እጥፋት በእጥፋት እያገላበጡ ፈተሹት፤ የብረት ቅንጣት አልተገኘበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደባቸው ግን እኔ ፈጽሞ የማላስበው ቦታ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክከው የፊት ወንበሮቹ የሚንሸራተቱባቸውን ሐዲዶች ቀዳዳ በቀዳዳ በባትሪ ብርሃን አዩ። ቀዳዳዎቹ ሲሰፉ መቆለፊያው አይይዝም፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተትና አብራሪው መሪውን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን እ.ኤ.አ. በ1987 አስገዳጅ የምርመራ መመሪያ አውጥቶ በ2011 በሌላ ተክቶታል። በግራው ሐዲድ ላይ ሁለት ያረጁ ቀዳዳዎች ስለተገኙ ሐዲዱ እንዲቀየር በጽሑፍ አስያዙ።

በመካከሉ የሻጩ ደላላ ለብቻቸው ሊያናግራቸው ፈልጎ ወደ ዳር ሲስባቸው፣ እኔን በስሜ ጠርተው «ና፣ የሚለውን አብረን እንስማ» አሉ። ደላላው የሚናገረው ነገር ጠፋበት። ክፍያቸውም ብገዛም ባልገዛም አንድ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር፣ አንድም ጊዜ ወደ መግዛት ሲገፉኝ አላየሁም። በመጨረሻ ሻጩ የሲሊንደሩንና የሐዲዱን ወጪ ከዋጋው ቀንሶልኝ አውሮፕላኑን ገዛሁ።

አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ የመብረር ሐሳብ እንዳለኝ ስለሚያውቁም ወደ አገር ቤት ሳይመለሱ አንድ ማታ ከአውሮፕላኑ የበረራ መመሪያ መጽሐፍ ጋር አስቀመጡኝ። የኮምቦልቻ ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,860 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ሙቀቱ 28 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሞተሩና ክንፉ የሚሰማቸው አየር 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ይሆናል። ባለ 160 የፈረስ ጉልበት አውሮፕላን አራት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ እዚያ ቀትር ላይ መነሣት እንደሌለበት ቁጥሩን በራሴ እጅ እንዳሰላው አድርገው አሳመኑኝ።

ያገለገለ ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የሚሠሩት በፒስተን ሞተር ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉ ሎግቡክ ሳያዩም አስተያየት አይሰጡም። ችኩል ለሆነ ገዢ አይመቹም፤ በእኔ እምነት ግን ትልቁ ዋጋቸው ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት የ50 ሰዓቱን ዘይት ሳስቀይር የተቆረጠውን ፊልትሮ ፎቶ ላክሁላቸው፤ ብርሃኑ ስላነሰ ፀሐይ ላይ አውጥቼ እንደገና እንዳነሣው አዘዙኝ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።