ባለ ሦስት ድርቡ የሞሞ ድስት ለጾም ይሆናል?

ዱባይ የኔፓል ሱቆች ገብታችሁ ከሆነ ይህን ድስት ታውቁታላችሁ። አሉሚኒየም ነው። ታች ውሃ ይፈላል፣ ከላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ሳህኖች ይደረደራሉ፣ አናቱ ላይ ክዳን ይገጠማል። የተሠራው ለሞሞ ነው፤ ኔፓሎችና ቲቤቶች ሊጥ ውስጥ ሥጋ ወይም አትክልት ጠቅልለው በእንፋሎት የሚያበስሉት ማለት ነው። እኔ ግን ለጾም ብዬ ነው የገዛሁት። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ ሰልችቶኛል።

በፉርኖ ዱቄት ከሆነ በየትኛውም ድስት ይሆናል። ፈተናው ፉርሽካው ያልወጣለት ዱቄት ነው። እዚህ «አታ» እየተባለ የሚሸጠው የህንዶቹ ዱቄት ላም ያለ ስለሆነ ደህና ይዳመጣል። ፉርሽካው ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ለስለስ አድርጌ አቦካና ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ካላረፈ ስትጠቀልሉት ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጥቅል ጎመኑን ደግሞ አድቅቄ ከትፌ፣ በጨው አሽቼ፣ ውሃው ጠብ እስከማይል እጨምቀዋለሁ። ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የድንብላል ቅጠል ይከተላሉ።

ወደ ድስቱ ልመለስ። እንፋሎቱ ኃይለኛ ነው፣ ቶሎም ይነሳል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ የላይኛው ድርብ ትንሽ ስለሚዘገይ መሃል ላይ ከታችኛው ጋር አቀያይሩት። ሳህኑን ዘይት መቀባት ግዴታ ነው፣ አለዚያ ቂጡ ተጣብቆ ይቀራል።

የማልወድለት ክዳኑን ነው። ዝርግ ስለሆነ ላቡን ሞሞው ላይ ያንጠባጥባል። ነጭ ሊጥ ይችለዋል፤ የአታው ሊጥ ግን ጠብታው ያረፈበት ቦታ ይላቁጥና ስታነሱት ይቀደዳል፣ ጎመኑም ይዘረገፋል። መላው ቀላል ነው፦ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ጫፎቹን ወደ ላይ ማሰር፣ እሳት እንዳይነካቸው። ክዳኑ ጉብ ያለ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ያዙ፣ ውሃው በጎን ይወርዳል። ከቀርከሃ የሚሠራው የእንፋሎት ማብሰያ አያንጠባጥብም፣ እንፋሎቱን ያስተነፍሳል፤ ግን በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። እዚህ ክፍል ተጋርተን እየኖርን የት ይሰጣል?

አብራኝ የምትሠራው የኔፓል ልጅ በቲማቲምና በሰሊጥ ማባያ ትበላዋለች። እኔ በዳጣ ነው፤ እሷም ሞክራው ወዳለች። ለአንድ ለሁለት ሰው ሦስቱም ድርብ አያስፈልግም፤ አንዱን ብቻ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ግጠሙ።