የካ አባዶ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጆቻችሁን ወደ ጋሼ ላኩ

በቅድሚያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የማመሰግነው በዚህ ክረምት በወረዳችን የወጣቶች ማዕከል የልጆች ቴአትር ያዘጋጁልንን ባለሙያ ነው። ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ልጄ ዋናውን ገጸ ባህሪ አላገኘችም፤ መድረክ ላይ የምትናገረው ሁለት መስመር ነው። እንደዚያም ሆኖ ኦዲሽኑ፣ ማለትም የተዋናይ ልጆች ምርጫው፣ እንዴት እንደተካሄደ ላላያችሁት ሳልነግር ማለፍ አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ «የልጆች ኦዲሽን» ሲባል ወላጅ ምን እንደሚሰማው ይታወቃል። ከዚህ በፊት ለፊልም ነው ብለው መመዝገቢያ ያስከፈሉን፣ ልጆቹን ፀሐይ ላይ ሲያስጠብቁ የዋሉ፣ በኋላም ስልክ የማያነሱ ሰዎች ገጥመውናል። ልጄ «እኔ አልችልም ማለት ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች። ስለዚህ የጋሼ ማስታወቂያ ብሎካችን መግቢያ ላይ ተለጥፎ ሳየው ማመን ከብዶኝ ነበር። ልቤን የመለሰው ከታች የተጻፈው ነው፦ ክፍያ የለም፣ ወላጅ ገብቶ መመልከት ይችላል፣ ከ11 ሰዓት በፊት ልጆች ወደ ቤት ይመለሳሉ።

በዕለቱ ከ40 የሚበልጡ ልጆች መጡ፤ ተውኔቱ የሚፈልገው 12 ነው። ጋሼ ወረቀት አላደሉም፣ ጠረጴዛ ዘርግተውም አልተቀመጡ። ልጆቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረጉና «እንቆቅልሽ!» አሉ። አዳራሹ በ«ምን አውቅልህ!» ተናጋ። ከዚያ ልጆቹ በየተራ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል፤ ሀገር የተሰጠው ደግሞ እዚያ ሄዶ ምን እንደበላ፣ ማን እንደተቀበለው ከራሱ ፈጥሮ ያወራል። አንዷ ትንሽ ልጅ ሐረርን ተሰጥታ በጀጎል በር ስትገባ ያየችውን እየቆመች እየተቀመጠች ስትተርክ እኛ ወላጆችም ልጆች መሆናችንን አስታወሰችን። ኦዲሽኑ ለካ ተጀምሯል። ጋሼ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ማን የሌላውን ቃል እንደሚያዳምጥ፣ ማን ተራ እንደሚጠብቅ፣ የማን ድምፅ እስከ እሳቸው እንደሚደርስ በደብተራቸው ይጽፉ ነበር።

ቀጥሎ የቃለ ተውኔት ንባብ መጣ። ብዙዎቹ ልጆቻችን የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ አማርኛ ሲያነቡ ይንተባተባሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ጋሼ ልጁ ፊደል ሲለቅም አላዋረዱትም። መስመሩን ራሳቸው አንብበውለት «አሁን ይሄንን በራስህ ንግግር ንገረኝ» ይሉታል። ስሜቱ ከገባው በኋላ ነው ወደ ጽሑፉ የሚመልሱት። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት አንድ ልጅ ሲናገር ጥቂት ልጆች ሳቁ። ጋሼ ሳቁን አስቁመው ያንኑ መስመር በራሱ ቅላጼ፣ ጮክ ብሎ እንዲደግመው ጠየቁት። ዛሬ የተውኔቱ ነጋዴ እሱ ነው፤ ገበያው ትዕይንት ላይ ሲከራከር ብታዩት!

የሐምሌ ነገር፣ መሃል ላይ ዝናቡ መጣ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ በረዶ ሲቀላቀልበት አጠገብህ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም። አንዲት የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ተራዋ ደርሶ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት፣ እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሁሉም እንዲቀመጥ ምልክት ሰጡ። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። ሲያባራ «አሁን ከመጀመሪያው» አሏት። ያቺን ልጅ ቸኩለው ቢያሰናብቷት ዳግመኛ መድረክ የምትወጣ አይመስለኝም።

ዝናቡን የጠበቅንበትን ጊዜም ዝም ብለው አላሳለፉትም። ልጆቹን ከሆዳቸው እንዲተነፍሱ አለማመዷቸው። በኋላ ያስተማሯቸው አንድ ነገር እስካሁን ቤት ውስጥ ይሰማኛል፦ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የመጨረሻውን ቃል የዋጠ ተዋናይ ተመልካቹን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ልጄ አሁን እኔንም «እማ፣ መጨረሻውን አትዋጪው» ትለኛለች።

አንድ አባት ጋሼን ለብቻቸው ወስደው «የኔን ልጅ አደራ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። የጋሼ መልስ አክብሮት ያለው ነበር፦ ልጁ እንደ ጓደኞቹ ተራውን ጠብቆ ይታይ። ልጁም ጠበቀ፣ ታየ።

ውጤቱን ግድግዳ ላይ አልለጠፉም። እያንዳንዱን ልጅ ከወላጁ ጋር ጠርተው ምን እንዳዩበት ነገሩት። ይህ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው፤ ምሳ እንኳ አልበሉም። ለልጄ ድምፅዋ ገና እንደሚጠነክር፣ የሁሉንም ቃል ግን ከማንም ቀድማ እንደያዘች ነግረዋት ከሁለቱ መስመሮቿ ሌላ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ቃል ለጠፋበት የምታስታውስ አደረጓት። አሁን የምትይዘው ደብተር አለ፤ ማን ከየት እንደሚገባ በሰማያዊ፣ ማን በየት እንደሚወጣ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋበታለች። ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ለመድረክ ያልተመረጡትም በአልባሳት፣ በመብራት፣ በከበሮና በክራር ተመድበዋል። አልቅሶ ወደ ቤቱ የሄደ ልጅ አላየሁም።

ጋሼ በልጅነታቸው ያደጉት በቀበሌ ኪነት፣ ማለትም በቀበሌ የሙዚቃና የቴአትር ቡድን፣ ነው፤ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምረዋል። ቴአትር ቤቶቻችን መሃል ከተማ ናቸው። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው፣ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊም ወደ ለገሃር ነው። ከኮንዶሚኒየም ሰፈር ልጅ ይዞ እዚያ ለመድረስ የታክሲውን ሰልፍና ወጪ የምታውቁት ነው። ልጄ ቴአትር የሚባለውን ነገር በአካል ያየችው በእሳቸው ምክንያት ነው፣ ያውም ከውስጥ ሆና።

ቀጣዩ ዝግጅት ለገና ነው፤ ልጆች የሚመረጡት ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ነው። ዕድሜ ከ8 እስከ 15። ልጆቻችሁን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አስሸምድዳችሁ አታምጧቸው፤ ጋሼ ይህን አይወዱም። ቤት ውስጥ ተረትና እንቆቅልሽ ብታጫውቷቸው ይበቃል። እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ልብስና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ፣ ወላጅ መጥቶ የፈቃድ ወረቀት ይፈርም። የማትለብሱት ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ያረጀ ኮት ካላችሁ ለአልባሳት ያስፈልጋል፤ የልብስ ስፌት የምትችሉም ብትመጡ ደስ ይላቸዋል።

የወላጆች ቀን የምታዘጋጁ ትምህርት ቤቶችም ጋሼን ጥሯቸው፣ ለሙያቸውም ተገቢውን ክፈሏቸው። የሰፈራችንን ልጆች በነጻ ያሠለጥናሉ ማለት ሌላውም በነጻ ያሠራቸው ማለት አይደለም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጆቻችንን ስላከበሩልን እግዚአብሔር ያክብርልን።